ቃለ ጉባኤ ላይ ይስፈርልኝ

ናይሮቢ ከመምጣቴ በፊት የአንድ እድር ጸሐፊ ነበርኩ። ሹመቱ በችሎታ የመጣ አይደለም፤ የእጅ ጽሑፌ ይነበባል ተብሎ ነው። በየወሩ የመጀመሪያው እሁድ፣ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ፣ ድንኳንና ሳህን የሚቀመጥበት ቤት ውስጥ እንሰበሰባለን። ዳኛው ከፊት፣ ገንዘብ ያዡ ከጎናቸው፣ እኔ ጥግ ላይ ጀርባው በፕላስተር የተጠገነ ትልቅ መዝገብ ታቅፌ። ውሳኔው ሁልጊዜ አልቆ ነው የሚመጣው። ሦስት አራት ሰዎች ቅዳሜ ማታ ተገናኝተው ጨርሰውታል። የእሁዱ ሥራ እጅ ማውጣት ብቻ ነው።

አንድ እሁድ አንዲት እናት ተነሡ። «የሳህኑና የወንበሩ ኪራይ ለምን አይነበብም?» አሉ። እድሩ ለሠርግ ዕቃ ያከራይ ነበር። ዳኛው «ይደረስበታል እማማ፣ ይቀመጡ» አሏቸው። አልተቀመጡም። ወደ እኔ ዞረው «የኔ ልጅ፣ ጥያቄዬ ቃለ ጉባኤ ላይ ይስፈርልኝ» አሉ። አሰፈርኩት። ምን ምርጫ አለኝ? ስብሰባው የሚከፈተው ያለፈውን ቃለ ጉባኤ በማንበብ ነውና፣ በሚቀጥለው ወር ጥያቄው በራሴ አንደበት እንደገና ተሰማ። መልስ የለም። እሳቸውም «መልስ አልተሰጠም ተብሎ ይጻፍልኝ» አሉ። በሦስተኛው ወር ሳነበው ሰው መሳቅ ጀመረ። ዳኛው ግን አልሳቁም።

እኚህን እናት ለዓመታት ረስቻቸው ነበር። መልሶ ያመጣቸው ምን መሰላችሁ? የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ምክር ቤት።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2024 አጋማሽ ናይሮቢ ውስጥ የሰው ሁሉ ወሬ የታክስ ረቂቅ ሕጉ ነበር። ቀልድ አይደለም፤ የቦዳቦዳ፣ የሞተር ብስክሌት ታክሲ፣ ነጂ አንቀጽ ጠቅሶ ይከራከረኝ ነበር። መጀመሪያ ላይ ዳቦም ላይ ታክስ ነበረበት። ጁን 25 ቀን ፓርላማው ረቂቁን በ195 ድምፅ ለ106 አሳለፈ። ወዲያው ወጣቶቹ አጥር ጥሰው ገቡ፣ የሕንፃው አንድ ክፍል ተቃጠለ፣ ሰውም ሞተ። በማግስቱ ፕሬዚዳንቱ «አልፈርምም» አሉ። እኔም ቤቴ ተቀምጬ፣ ይህ ፊርማ የመንፈግ ነገር፣ ይህ ሦስት ጊዜ ማንበብ የሚሉት ሥርዓት፣ ይህ «ምሄሺሚዋ»፣ ክቡር፣ የሚባለው የፓርላማ ሰው ሁሉ ከየት መጣ ብዬ ወደ ኋላ መፈለግ ጀመርኩ። የድሮዎቹ የምክር ቤት ቃለ ጉባኤዎች፣ ሃንሳርድ የሚሏቸው፣ ኢንተርኔት ላይ አሉ። አንዱን ከፈትኩ። ሌሊቱ እዚያው ነጋብኝ።

(ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። የኛ ሲሆን እነግራችኋለሁ።)

ኬንያውያን ያንን ምክር ቤት አሳጥረው «ሌጅኮ» ይሉታል። ሕግ አውጪው ምክር ቤት ማለት ነው። ለንደን በ1906 እንዲቋቋም ወሰነች፣ በኦገስት 1907 ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰበሰበ። ናይሮቢ ያኔ ባቡር ከደረሰባት ገና ስምንት ዓመቷ ነው። ሰብሳቢው ራሱ ገዥው ነበር። አባላቱ በሁለት ይከፈላሉ። አንደኛው ወገን ደመወዝተኞች ናቸው፤ የግምጃ ቤቱ ኃላፊ፣ ዐቃቤ ሕጉ፣ እንዲህ እንዲህ ያሉት። ሁለተኛው ወገን «መንግሥታዊ ያልሆኑ» የሚባሉት ሲሆኑ፣ ያኔ ገዥው ራሱ መርጦ የሾማቸው ነጭ ሰፋሪዎች ነበሩ። አፍሪካዊ የለም። አንድም።

አሠራሩን ስታዩት እንደ እድራችን ነው። ደመወዝተኛው ወገን ሁልጊዜ ቁጥሩ ይበልጣል። እያንዳንዱም ከገዥው ጋር ድምፅ መስጠት ግዴታው ነው። የእርሻ ዳይሬክተሩ ሕጉ የማይረባ ነው ብሎ ቢያምን እንኳ እጁን ያወጣል፤ ካላወጣ እንጀራው ነው። እንዲያም ሆኖ በሆነ ተአምር ገዥው የማይፈልገው ነገር ቢያልፍ፣ አልፈርምም ማለት ይችላል። እሱ ፈርሞት ለንደን ካልወደደችው ደግሞ ከዚያ ሆና ትሰርዘዋለች። ሦስት ቁልፍ ያለው ሳጥን በሉት። ቁልፎቹ ሁሉ አንድ ኪስ ውስጥ ናቸው።

ታዲያ ለምን ይሰበሰባሉ? ይህ ጥያቄ ነው እንቅልፍ የነሳኝ።

የመጀመሪያው መልስ ሰፋሪዎቹ ዘንድ ነው። ሎርድ ዴላሜር የሚባል ሰው ነበር። ቁጡ፣ ባለ ብዙ መሬት፣ ቀይ ፀጉር። ከመጀመሪያዎቹ ተሿሚዎች አንዱ እሱ ነው። በ1908 መንግሥት ለእርሻችን ሠራተኛ አያቀርብልንም ብለው ሰፋሪዎቹ ተቆጡ። ዴላሜር ሰልፍ እየመራ ገዥው ግቢ ድረስ ሄደና «ሥልጣን ልቀቅ!» እያሉ ጮኹበት። ገዥውም ከምክር ቤቱ አገደው። ልብ በሉ፣ በድምፅ ብልጫ የማያሸንፍበትን ጉዳይ በጩኸት ሊያስፈጽም ነው የሄደው። ቆይቶም ተመለሰ። እንዲህ ዓይነት ሰው ከምክር ቤት ወጥቶ አይቀርም።

በ1919 ለነጮች የመምረጥ መብት ተሰጣቸው፤ ለነጭ ሴቶችም ጭምር። በ1920 መጀመሪያ 11 ሰዎች መረጡ። ያኔ የነጩ ሕዝብ ሕፃኑም ሽማግሌው ተደምሮ ወደ 10 ሺህ ነው። ሕንዶቹ ከ20 ሺህ በላይ። አፍሪካዊው በግምት ከ2 ሚሊዮን በላይ። ሕንዶቹ «በአንድ መዝገብ አብረን እንምረጥ» አሉ። ሰፋሪዎቹ አበዱ። ነገሩ ከመጋጋሉ የተነሣ ገዥውን ጠልፈን እንደብቀው ብለው የምር ዕቅድ አውጥተው ነበር! ለንደን በ1923 አስታራቂ ነኝ ብላ ሰነድ አወጣች፦ ለነጮች 11 ወንበር፣ ለሕንዶች 5፣ ለዓረቦች 1፣ ሁሉም በየዘሩ ለብቻው ይምረጥ። ያው ሰነድ ኬንያ በመሠረቱ የአፍሪካውያን አገር ናት፣ ጥቅም ሲጋጭ የአገሬው ሕዝብ ጥቅም ይቀድማል ይላል። ጥሩ ቃል። ለዚያ ቀዳሚ ጥቅም የተሰጠው ወንበር ስንት ነው? አንድ። የሚቀመጥበትስ? አንድ የስኮትላንድ ሚሲዮናዊ፣ ዶክተር ጆን አርተር።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆየሁ። ክፉ ሰው ስለነበር አይደለም፤ ስለ አፍሪካውያን መናገር አለብኝ ብሎ ያምን የነበረ ይመስለኛል። ግን ራሳችሁን አስቡት። አንድ ሰው ስለ እናንተ ይናገራል፣ እናንተ ያልላካችሁት፣ ልትሽሩት የማትችሉት፣ ሲሳሳት ልታርሙት የማትችሉት። እኛም እድር ውስጥ «የወጣቶች ተወካይ» የሚባሉ የ58 ዓመት ሰው ነበሩን።

አሁን ወደ ገንዘቡ ልምጣ፤ የምክር ቤቱ ነፍስ ያለችው እዚያ ነው።

አፍሪካዊው ምክር ቤቱ ከመቋቋሙ በፊት ጀምሮ የጎጆ ግብር ይከፍል ነበር። በኋላ የነፍስ ወከፍ ግብር ተጨመረ። በ1921 ገደማ ኢኮኖሚው ሲናጋ ግብሩ ከፍ አለ፣ ሰፋሪዎቹ ደግሞ የሠራተኛውን ደመወዝ ሊቀንሱ ተነሡ። ሃሪ ቱኩ የሚባል ወጣት የስልክ ኦፕሬተር ሕዝብ አሰባስቦ ተቃወመ። በማርች 1922 አሰሩት። ሕዝቡ ናይሮቢ ፖሊስ ጣቢያ ደጅ፣ ከኖርፎክ ሆቴል ፊት ለፊት፣ ይፈታልን ብሎ ተሰበሰበ። ተተኮሰበት። በይፋ የታመነው እንኳ ከ20 በላይ ሰው መሞቱን ነው።

በዚያው ዓመት ምክር ቤቱ ውስጥ ምን ይከራከሩ ነበር? ስለ ገቢ ግብር። መንግሥት ነጮቹም ከገቢያቸው ይክፈሉ ብሎ ሕግ አውጥቶ ነበር። ሰፋሪዎቹ ድምፅ ቢቆጠር ይሸነፋሉ። አልተቆጠረም። በኮሚቴ፣ በደብዳቤ፣ በጋዜጣ፣ በእራት ግብዣ፣ ሙታይጋ በሚባለው የነጮች ክለብ በረንዳ ላይ ውስኪ ይዘው መንግሥትን ወጥረው ያዙት። በ1922 ሕጉ ተነሣ። ጉድለቱን ለመሸፈን ከውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ ቀረጥ ተጨመረ፤ ዕቃውን ደግሞ አፍሪካዊውም ይገዛዋል። የገቢ ግብር ተመልሶ የጸናው በ1937 ነው። 15 ዓመት!

ይህን ሳነብ ገባኝ። የቅዳሜ ማታው ስብሰባ ነው። የምክር ቤቱ ወንበር ለሰፋሪዎቹ ድምፅ የሚሰጡበት ሳይሆን ቅዳሜ ማታ የሚጠሩበት ምክንያት ነበር። ወንበሩ ያለው ሰው ሰነዱን ቀድሞ ያያል፤ በጀቱን የሚመረምረው ኮሚቴ ውስጥ ይገባል፤ የግምጃ ቤቱን ኃላፊ በስሙ ይጠራዋል። ወንበር የሌለው ፖሊስ ጣቢያ ደጅ ይቆማል።

አሁን ወደ 1944 እንሻገር።

ኦክቶበር 10 ቀን ኤሊዩድ ማቱ ቃለ መሐላ ፈጸመ። የመጀመሪያው አፍሪካዊ። ምክር ቤቱ በተከፈተ በ37ኛው ዓመት። መምህር ነው፤ አሊያንስ ሁለተኛ ደረጃ፣ ደቡብ አፍሪካ ፎርት ሄር፣ ከዚያም ኦክስፎርድ የተማረ። የተሾመው በገዥው ነው፤ ሕዝብ አልመረጠውም። ስብሰባው ያኔ ሜሞሪያል አዳራሽ ነበር፣ ስሙ ዴላሜር በሚባል ጎዳና ላይ። አዎ፣ ያ ቁጡው ሰውዬ። ሐውልቱም እዚያው ቆሞ ነበር። ዛሬ ጎዳናው ኬንያታ ይባላል፣ ሐውልቱም ከነጻነት በኋላ ተነሥቷል። ማቱን ግን አስቡት፤ በዴላሜር ጎዳና፣ በዴላሜር ሐውልት አጠገብ አልፎ ገብቶ ለእንግሊዝ ንጉሥ ይምላል።

ምን ሊያደርግ ይችላል? ድምፁ አንድ ነው። አንድ ድምፅ ለሌላቸው ሚሊዮኖች። ማንኛውንም ሕግ ማሳለፍ አይችልም፣ ማስቆምም አይችልም። ገዥው ይህንን ያውቃል፣ እሱም ያውቃል።

የሚችለው መጠየቅ ነው።

የሃንሳርዱን ገጽ ላሳያችሁ። ገጹ በሁለት ዓምድ የተከፈለ ነው። መጀመሪያ ስብሰባው የት፣ በስንት ሰዓት፣ ማን ሰብሳቢነት እንደተከፈተ። ከዚያ ጸሎት። ከዚያ የገቡ ሰነዶች ዝርዝር። ከዚያ «የቃል መልስ የሚሰጥባቸው ጥያቄዎች»፣ ቁጥር ቁጥር እየተሰጣቸው። ቁጥር፣ የጠያቂው ስም፣ ጥያቄው፤ ከሥሩ መልሱ፣ ከመላሹ ባለሥልጣን ጋር። ሰው ከሳቀ በቅንፍ ሳቅ ተብሎ ይጻፋል። ካጨበጨበም ጭብጨባ። ጥያቄው አስቀድሞ በጽሑፍ ይገባል፣ መንግሥትም መመለስ አለበት። «ይደረስበታል፣ ይቀመጡ» ማለት ይቻላል፤ ግን ያም ታትሞ ይወጣል። ከሥሩ የተናገረው ሰው ስም አለ።

አያችሁ የእድሩን እናት?

ለምሳሌ ኪፓንዴን ውሰዱ። አፍሪካዊ ወንድ ሁሉ የሚይዘው የመታወቂያ ወረቀት ነው፤ የጣት አሻራ፣ የአሠሪ ስም፣ ደመወዝ፣ መቼ ገባ መቼ ወጣ። ወረቀቱ በትንሽ የብረት ቆርቆሮ ውስጥ ይሆንና በገመድ አንገት ላይ ይንጠለጠላል። እንደ ፍየል ደወል ይላሉ ያዩት። አሠሪው ሳይፈርምለት ሥራ የለቀቀ ሰው ይታሰራል። ሕጉ የወጣው በ1915 በዚሁ ምክር ቤት ነው፣ አንድም አንገቱ ላይ ሊያስራት ያለ ሰው ባልተቀመጠበት። በዚያው ዓመት ለነጭ እርሻ መሬትን እስከ 999 ዓመት ማከራየት የሚፈቅደውም ሕግ ወጥቷል። 999! ሺህ ማለት አሳፍሯቸው ይሆን?

ማቱ ኪፓንዴን አጥብቆ ተቃወመ። ከውጭ ደግሞ ሕዝቡ ገፋ። በመጨረሻ በ1947 መንግሥት ብልህ መሰለኝ ያለውን መላ አመጣ፤ ሁሉም ዘር እኩል ይመዝገብ፣ ሁሉም አሻራ ይስጥ። ያኔ ነው ጉዱ። አፍሪካዊው ለ30 ዓመት ገደማ የሰጠውን አሻራ ነጩ ሲጠየቅ ውርደት ነው ብሎ ተነሣ። ስብሰባ፣ አቤቱታ፣ ዛቻ። ኮሚሽን ተቋቋመ፣ ማንበብና መጻፍ የሚችል ሰው በአሻራ ፈንታ ፊርማና ፎቶ ይበቃዋል ተባለ። መቼም ሃንሳርድ ደረቅ ነገር ነው የሚል ሰው ይህንን አላነበበም።

በ1948 ምክር ቤቱ መልኩን ቀየረ። ገዥው ከሰብሳቢነት ወረደና አፈ ጉባኤ ተሾመ። መንግሥታዊ ያልሆኑት 22፣ ባለሥልጣናቱ 16 ሆኑ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ መንግሥት በቁጥር አነሰ። ትልቅ ነገር ይመስላል። ግን 22ቱን ቁጠሯቸው፦ 11 ነጭ፣ 5 ሕንድ፣ 2 ዓረብ፣ 4 አፍሪካዊ። በዚያው ዓመት በተካሄደው ቆጠራ ነጮቹ ወደ 30 ሺህ፣ አፍሪካውያኑ ከ5 ሚሊዮን በላይ ናቸው። 22ቱ አንድ ላይ ሆነው በመንግሥት ላይ እንደማይቆሙ ለማወቅ ሒሳብ መማር አያስፈልግም።

እዚህ ላይ ስለ ሕንፃው ሳልናገር ባልፍ ቅር ይለኛል፣ በየቀኑ ስለማየው። የመሠረት ድንጋዩ በ1952 ተጣለ፣ ምክር ቤቱ በ1954 ገባበት። አገሪቱ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሥር ነበረች፤ ጫካው ውስጥ በእንግሊዝ ላይ ያመፁት የማው ማው ተዋጊዎች ጦርነት፣ ካምፖቹ ውስጥ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር እስረኛ። ዋናው በር ላይ ለማኅበረሰቡ ደኅንነትና ለሰዎች ፍትሐዊ አስተዳደር የሚል ትርጉም ያለው የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አለ። በላዩ ረጅም የሰዓት ማማ። መጀመሪያ ሳየው ልቤ አራት ኪሎ ሄደ። የኛም ፓርላማ ሰዓት አለው።

እና እውነቱን ለመናገር፣ ሰዓቱ ብቻ አይደለም የሚያመሳስለን። የኬንያን ሃንሳርድ እያነበብኩ ነጮቹን ስረግም የኛ የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ትዝ አለኝ። ሁለት ምክር ቤት አቆመ። የሕግ መወሰኛውን ንጉሠ ነገሥቱ ይሾማሉ። የሕግ መምሪያውንስ? አንቀጽ 32 የሚለው፣ ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ ድረስ ለጊዜው መኳንንቱና የየአገሩ ሹማምንት ይመርጣሉ ነው። እስኪበቃ ድረስ! ናይሮቢ ያሉት ሰፋሪዎችም አፍሪካዊው ገና ነው፣ ጊዜ ይፈልጋል እያሉ ነበር። ቅኝ አልተገዛንም፤ ልክ ነው፣ እኮራበታለሁ። «ገና ነህ» የሚለውን ቃል ግን በራሳችን ቋንቋ ሰምተነዋል።

የሚገርመው ደግሞ ሁለቱም አገሮች በአንድ ዓመት ወደ ምርጫ ሣጥን መሄዳቸው ነው። 1957። እኛ በተሻሻለው ሕገ መንግሥት መሠረት ለመጀመሪያ ጊዜ የሕግ መምሪያ አባላትን መረጥን። ፓርቲ የለም፣ ዕጩው ንብረት ያለው መሆን አለበት። ግን ሴትም ትመርጣለች፣ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩም ተመርጠው የመጀመሪያዋ ሴት እንደራሴ ሆኑ። ኬንያ ውስጥ አፍሪካዊት ሴት ሌጅኮ የገባችው በ1961 ነው፣ ፕሪሲላ አብዋኦ፣ ያውም በሹመት።

የኬንያው ምርጫ ሌላ ዓይነት ነበር። አፍሪካዊ መራጭ ፈተና እንዳለፈ ተማሪ ነጥብ ይያዝለታል፤ ትምህርት፣ ገቢ፣ ዕድሜ፣ የአገልግሎት ዘመን። ነጥቡ ሲደመር አንዱ አንድ ድምፅ፣ ሌላው እስከ 3 ድምፅ ይኖረዋል። አንዳንዱ ጭራሽ የለውም። በኪኩዩ አካባቢ ደግሞ ለመንግሥት ታማኝ መሆኑን የሚያሳይ ምስክር ወረቀት ያላገኘ አይመርጥም። እንዲያም ሆኖ 8 ሰዎች ተመረጡ፦ ቶም ምቦያ ከናይሮቢ፣ ገና 26 ዓመቱ፤ ኦጊንጋ ኦዲንጋ፤ ሮናልድ ንጋላ፤ ማሲንዴ ሙሊሮ፤ በኋላ 24 ዓመት አገር የሚመራው ዳንኤል አራፕ ሞይ፤ ሌሎችም።

ማቱ ተሸነፈ። 13 ዓመት ብቻውንም ከሌሎች ጋርም ጠይቆ ጠይቆ፣ በሩ በተከፈተ ቀን ከበሩ ውጭ ቀረ። ያሸነፈው በርናርድ ማቴ ነው። አሳዘነኝ፤ መቼም ታሪክ ይሉኝታ አያውቅም።

ስምንቱ ምን አደረጉ? የሚኒስትርነት ወንበር አንፈልግም አሉ። ምክር ቤቱ አንገባም ማለታቸው አይደለም፤ ገቡ፣ ማሉ፣ ተቀመጡ፣ ጠየቁ፣ ግን ሹመቱን አንቀበልም፣ ይህን ሕገ መንግሥትም አናውቀውም፣ ወንበር ጨምሩ አሉ። ለንደን 6 ወንበር ጨመረች። አብሮም ሌላ ዘዴ አመጣች፤ ምክር ቤቱ ራሱ የሚመርጣቸው 12 አባላት፣ ከየዘሩ አራት አራት። ምክር ቤቱ ራሱ ይመርጣል ማለት ነጮቹ ደስ ያላቸውን አፍሪካዊ ይመርጣሉ ማለት ነው። ምቦያና ጓደኞቹ በዚያ መንገድ የሚወዳደሩትን አፍሪካውያን አሻንጉሊትና ከሃዲ የሚል መግለጫ አወጡ። በጋዜጣ። ተከሰሱ፣ ጥፋተኛ ተባሉ፣ ገንዘብ ተቀጡ።

ይህ በ1958 መጀመሪያ አካባቢ ነው። አሁን የዚያኑ ዓመት ጁን ተመልከቱ።

ጆሞ ኬንያታ ያኔ በሎኪታውንግ እስር ቤት ነው፤ ቱርካና በረሃ፣ ከኛ ድንበር ብዙም በማይርቅ ቦታ። ስሙን በክፉ ካልሆነ በአደባባይ ማንሳት ራስን ማሳሰር ነበር። ኦዲንጋ ምክር ቤቱ ውስጥ ተነሥቶ እነ ኬንያታ ዛሬም የሕዝቡ የፖለቲካ መሪዎች ናቸው አለ። አዳራሹ ተናወጠ። ነጮቹ ጮኹ። የራሱ ጓዶች አንዳንዶቹ ደነገጡ፤ ይህን ያህል ይደፍራል ብለው አልጠበቁም። ግን ማን ይክሰሰው? አባል በምክር ቤት ውስጥ ለተናገረው አይከሰስም፤ ይህ መብት ከዌስትሚኒስተር፣ ከእንግሊዝ ፓርላማ፣ ለነጮቹ ተብሎ የመጣ ነው። ጋዜጣም የምክር ቤት ንግግር ነውና ይዘግበዋል። ውጭ በጋዜጣ መግለጫ ያስቀጣው አፍ፣ ውስጥ ሆኖ ከዚያ የከፋውን ተናገረ፤ የመንግሥት ማተሚያ ቤትም አትሞ አወጣለት። በሁለት ዓምድ።

እኔ ይህንን ገጽ ሳነብ ከወንበሬ ተነሥቻለሁ። ሻይ አፈላሁ መሰለኝ። ሰፋሪዎቹ ለራሳቸው የሠሩት ቤት ነው፤ መስኮቱንም በሩንም ለራሳቸው ለክተው። የቤቱን ደንብ ከነሱ በላይ ያነበበ ሰው ገባበት። ማቱ አንድ ጥያቄ በአንድ ጥያቄ ደንቡን ማወቁን፣ እነ ኦዲንጋ ደግሞ ሲነሡ የት ድረስ መሄድ እንደሚቻል ማየታቸውን ሳስብ፣ 1944 እና 1958 አንድ ረጅም ስብሰባ ይመስሉኛል።

ሌጅኮ በዓለም ላይ ፍትሕ አመጣ እያልኩ አይደለም፣ እንዳትሳሳቱ። ሰው እየታሰረ፣ መሬት እየተወሰደ፣ በሆላ ካምፕ በ1959 11 እስረኛ ተደብድቦ ሲሞት ምክር ቤቱ ነበር፤ አላስቆመም። በለንደኑ የላንካስተር ሃውስ የነጻነት ድርድርና በጫካው ጦርነት ፊት ይህ የጥያቄና መልስ ነገር ቁንጫ ሊመስል ይችላል። በ1961 ምርጫ አፍሪካውያኑ ብልጫውን ያዙ፣ በ1963 ሌጅኮ ቀርቶ ብሔራዊ ምክር ቤት ሆነ፣ ዲሴምበር 12 ቀን ባንዲራው ወጣ። ይህን ሁሉም ያውቀዋል። እኔን የያዘኝ ቁንጫዋ ናት።

እድሩስ? በአራተኛው ወር የኮሚቴው ሰዎች ቅዳሜ ማታ ተመካክረው መጡ። ዳኛው በፈገግታ «እማማ ብዙ ጊዜ አስቸገርንዎት፤ ከእንግዲህ ኮሚቴው ውስጥ ገብተው በቅርብ ይከታተሉ» አሉ። ሰው አጨበጨበ። እኔም ጥሩ አበቃ ብዬ ብዕሬን ልከድን ነበር።

እሳቸው ነጠላቸውን አስተካከሉና «ወንበሩ ድምፅ አለው?» አሉ።

ዳኛው ወደ ገንዘብ ያዡ አዩ። «በአማካሪነት ነው» አሉ።

«እንግዲያው እዚሁ ሆኜ ልጠይቅ» ብለው ተቀመጡ። «ይህም ይጻፍ።»

የሳህኑ ሒሳብ በአምስተኛው ወር ተነበበ። 12 ሳህንና አንድ ትልቅ ድስት ጎድሎ ነበር።